አራት ሥራ እና ሃያ አራት የተገለበጠ እጅጌ

ይሄን ልጽፍ ነው ስል ወንድሜ ናቲ ሶፋው ላይ ተንከባሎ ሳቀ።

«የሥራ ዘመን ትዝታ? አንቺ? ጡረታ ወጣሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ወጥቻለሁ» አልኩት። «ከአራት ሥራ።»

«ሃያ አራት ዓመትሽ እኮ ነው!»

«ታዲያስ? ሌላው በስልሳ ዓመቱ አንዴ ይወጣል፣ እኔ ቶሎ ቶሎ እወጣለሁ።»

ቀልዴን አልነበረም። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ተመረቅኩ፤ ማኔጅመንት፣ በማታው ክፍለ ጊዜ፣ አምስት ዓመት ሙሉ። በማታ የሚማር ሰው ቀን ይሠራል። ስለዚህ ጓደኞቼ ጋዋን ለብሰው ፎቶ እየተነሱ «ከዚህ በኋላ ሥራ ዓለምን እንቀላቀላለን» ሲሉ እኔ ውስጤ ይስቅ ነበር። እኔ ሥራ ዓለምን ከተቀላቀልኩ ቆይቻለሁ። ችግሩ ሌላ ነው፤ በየገባሁበት «ይሄ ያንቺ አይደለም» እየተባልኩ ስወጣ ነው የኖርኩት። ዲግሪውን ስቀበልም የጨነቀኝ ይሄው ነበር። ወረቀት አለኝ፣ ልምድ አለኝ፣ ግን ለምን ሥራ እንደምሆን አላውቅም።

አሁን አውቄያለሁ። እንዴት እንዳወቅኩት ነው የምጽፈው፣ ያሳወቁኝን ሰው ሳላመሰግን እንዳላልፍም ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ሥራዬ እዚሁ ሰፈራችን ጎፋ ሞባይል ጥገና ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት እየጠበቅኩ የእናቴ ጓደኛ ልጅ ሱቁ ውስጥ አስገባኝ። ሰው የሞባይል ጥገና ጭንቅላት ይፈልጋል ይላል። እኔ ያየሁት ግን ትንፋሽ እንደሚፈልግ ነው። ልጁ ስክሪን ሲከፍት ትንፋሹን ይይዛል፣ ብሎኗን አውጥቶ ወረቀት ላይ ከወጣችበት ቦታ ትይዩ ያስቀምጣታል፣ ከዚያ ይተነፍሳል። ብሎኗ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። እኔ በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ሰውዬ ስልክ ከፍቼ አምስቱን ብሎን አንድ ላይ አፈስኳቸው። ምን ልዩነት አላቸው ብዬ ነው እኮ። አንዷ ለካ ከሌሎቹ በግማሽ ሚሊ ትረዝማለች፤ ቦታዋን ቀይሬ ሳጠብቃት ስክሪኑን ከውስጥ ወጋችው። ልጁ አልተቆጣም። «ብሩክታዊት፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ግን እዚህ አይደለም» አለኝ። መጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከሱ ነው።

ሁለተኛው መካኒሳ የሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት ነው፣ ረዳት መምህርት። እዚያ የሚፈለገው ተሰጥኦ አንድን ተረት ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሲተርኩ መጨረሻውን የማያውቁ መምሰል ነው። ዋናዋ መምህርት ትችልበታለች። «ከዚያስ ጅቡ ምን አለ?» ስትል ዓይኗ ራሱ ይፈራል። እኔ ሦስተኛው ቀን ላይ «ጅቡ በመጨረሻ ይወድቃል፣ አትጨነቁ፣ አሁን ምሳ እንብላ» ብዬ ክፍሉን በሙሉ አስለቀስኩ።

ሦስተኛው ስልክ መቀበል ነበር፣ የአንድ ድርጅት ጥሪ ማዕከል። ጆሮ ላይ ማዳመጫ፣ ፊት ለፊት የተጻፈ ንግግር። እዚያ የሚያስፈልገው ሰው ሲሰድብሽ ድምፅሽ ፈገግ እንዳለ መቆየት ነው፣ ይሄም ተሰጥኦ ነው፣ አልንቅም። አንዷ እናት ደውለው ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ አቤቱታ ሲነግሩኝ ወረቀቱ ላይ ያለውን «በቅርቡ ይስተካከላል» ማለት አቃተኝ። «እማማ፣ እኔ ልዋሽዎት አልፈልግም፣ ከዚህ ስልክ መፍትሔ አያገኙም፤ በአካል ይሂዱ» አልኳቸው። ንግግሩ ለካ ይቀዳል። ስለ ደሞዙ ብዙ አልልም፤ ለታክሲና ለትምህርት ክፍያ ይበቃ ነበር፣ ሲቋረጥ ደግሞ አልበቃም።

አራተኛው እትዬ ዘኑ ቤት ነው።

እትዬ ዘኑ፣ ሙሉ ስማቸው ዘነበች ነው፣ መካኒሳ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ልብስ ስፌት ቤት አላቸው። አንድ ክፍል፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ መሐል ላይ ትልቅ የመቁረጫ ጠረጴዛ። በወጣትነታቸው ነፋስ ስልክ አካባቢ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቆራጭ ነበሩ፤ ከዚያ ወጥተው የራሳቸውን ከፈቱ። የሚሰፋው ከድር የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። የኔ ሥራ በር ላይ ደንበኛ መቀበል፣ ልኬት መጻፍ፣ ቁልፍ መትከል፣ ቀስ እያልኩ ደግሞ መቁረጥ መማር ነበር። ሁለት ዓመት ቆየሁ። እኔ አንድ ቦታ ሁለት ዓመት! እማዬ ለጸሎት ጓደኞቿ እንደ ምስክርነት ነበር የምታወራው።

እትዬ ዘኑ ሜትር ከመዘርጋታቸው በፊት አንድ ጥያቄ አላቸው። «ሥራህ ምንድነው?» ይላሉ። የመጣው ሰው ይገረማል። ሱፍ ሊያሰፋ ነው እንጂ ሊመዘገብ አልመጣም።

«አስተማሪ ነኝ።»

«ሰሌዳ ላይ ትጽፋለህ?»

«አዎ።»

«እስቲ ጻፍ።»

ሰውየው አየር ላይ ይጽፋል፣ እያፈረ። እሳቸው ክንዱ ሲነሳ ኮቱ ከወገቡ ስንት ጣት እንደሚሳብ ያያሉ። ሹፌርን አስቀምጠው ይለካሉ። ነርስን ጎንበስ አስብለው። አንድ ዳኛ መጥተው «ሰባት ሰዓት ተቀምጬ ነው የምውለው» ሲሏቸው የሱሪውን ጀርባ በሁለት ጣት ከፍ አድርገው ቆረጡት፤ ሰውየው በዓመቱ የሦስት ሱሪ ጨርቅ ይዘው ተመለሱ። እኔ ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን የምጽፈው ይሄንን ነበር፦ «ግራ ትከሻ ዝቅ ይላል፣ ቦርሳ ተሸካሚ»፣ «ሲያወራ እጁን ያወራጫል፣ ደላላ»፣ «ቆማ ትውላለች፣ እግሯ ያብጣል፣ ፋርማሲ»። መጀመሪያ እሳቸው የሚሉትን ነበር የምጽፈው። በኋላ ራሴ እጠይቅ ጀመር፣ ከዚያም ከሳቸው በላይ እጠይቅ ጀመር።

«ብሩኬ፣ ሰውየውን ፖሊስ ጣቢያ የመጣ አስመሰልሽው እኮ» ይሉኛል።

«ደስ እያለው ነው የሚያወራው፣ እትዬ።»

«እሱስ አዎ። ለሚስቱ የማይነግረውን ነው የነገረሽ።»

ሌላው ልማዳቸው ከመቁረጥ በፊት ነው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጉና ዙሪያውን አንዴ ይዞሩታል። ከዚያ በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ይዳብሱታል፣ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ። መዳፍ ሥራ ስለለመደ ይደነዝዛል፣ የእጅ ጀርባ ግን አይዋሽም ይላሉ። በተሸራረፈ ሳሙና ያሰምራሉ። መቀስ ጨርቅ ውስጥ ከገባ ማንም አያናግራቸውም፤ ስልክ ቢጮህ፣ ደንበኛ ቢገባ፣ መብራት ቢጠፋ ዞር አይሉም። እኔ ይሄ ሁሉ ያቃጥለኝ ነበር። አንድ ሱሪ ለመቁረጥ የሚዞሩት ዙር ሌላ ሱሪ ይቆርጣል ብዬ አስብ ነበር። ብዬም ነግሬያቸዋለሁ።

«መቁረጥ እኮ አንድ ጊዜ ነው፣ ብሩኬ» አሉኝ። «መስፋት ይፈታል። የተቆረጠ አይመለስም።»

ሰማሁ። አልሰማሁም ማለት ነው።

እማዬ ያመጣችው ሥራ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል ኮንፍራንስ ሊያደርግ ነው፣ መዘምራኑ አዲስ ልብስ ይፈልጋሉ፣ እሷም መዘምር ናት። አሥራ ሦስት ሴት፣ አሥራ አንድ ወንድ። ጨርቁን ራሳቸው ገዝተው አመጡት፤ ወይን ጠጅ ከፋይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከባድ። የመዘምራኑ መሪ ወንድም ዳዊት ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው «እትዬ ዘነበች፣ ሰው ሁሉ ከልዩ ልዩ ቦታ ነው የሚመጣው፣ አደራ» አለ። እማዬ ደግሞ ጎኑ ቆማ እኔን ታየኛለች፣ ኩራቷ ፊቷ ላይ ተጽፏል። ልጇ ያለችበት ቤት ነዋ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ዘኑ ጎጃም እህታቸው ሞተው ተጠሩ። ከመሄዳቸው በፊት እያለቀሱም ቢሆን አዘዙኝ፦ «የገበሩን ሳቲን አንቺ ቁረጪው። ከፋዩን አትንኪው። እኔ ስመለስ እቆርጠዋለሁ።»

ሳቲኑን በሁለት ቀን ጨረስኩ። ሦስተኛው ቀን ከፋዩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ያየኛል። ኮንፍራንሱ ቀርቧል፣ እትዬ ዘኑ አልደወሉም፣ ልደውል ብል ለቅሶ ላይ ናቸው። ከድር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። እሳቸው ደክመው ሲመጡ ሁሉም አልቆ ተሰቅሎ ቢያዩት እንዴት ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ይሄን ለራሴ ነው የነገርኩት። እውነቱ ግን መጠበቅ አልቻልኩም፤ በቃ።

ዘረጋሁት፣ አሰመርኩት። ስደረድረው አንድ ነገር አስተዋልኩና ራሴን አደነቅኩ። እጅጌዎቹን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከደረደርኳቸው በመሃላቸው ብዙ ጨርቅ ይባክናል። አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ደግሞ ቁልቁል ገልብጬ ሳስገባቸው ግን ልክ እንደ ጥርስ ይገጣጠማሉ። ብዙ ጨርቅ ተረፈኝ! እትዬ ዘኑ ይሄን እንዴት ሳያስቡት ቀሩ አልኩ። ቀጥ ያሉትን ቀኝ፣ የተገለበጡትን ግራ ብዬ ለከድር ሰጠሁት።

ከድር ሦስተኛውን ሲሰፋ ቀና አለ። «ብሩኬ፣ ይቺ ግራ እጅጌ ትንሽ ነጣ አላለችብሽም?»

«መብራቱ ነው፣ ከድር።»

«መብራቱ?»

«ቀኝህ በር ነው፣ ግራህ ግድግዳ። ስፋ በቃ።»

ሰፋ። የሱ ሥራ መስፋት ነው፣ የኔ ደግሞ ማዳመጥ ነበር።

ከፋይ ፀጉር አለው። ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት። ወደ ታች ስትዳብሱት ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ስትዳብሱት ይሻክራል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ በአንዱ አቅጣጫ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ በሌላው አመድ የነካው ሮዝ ይመስላል። ጨርቁ አንድ ነው፣ ቀለሙ ግን ሁለት። እትዬ ዘኑ በእጃቸው ጀርባ ይፈልጉት የነበረው ይሄንን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ ስቅበጠበጥ አንድ ቀን «ምን እየፈለጉ ነው?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ለደንበኛ የማላቀርበው ጥያቄ የለም፣ ለሳቸው ግን አንድም።

አርብ ከሰዓት ልብሱን ቤተ ክርስቲያን ወስደን አለበስናቸው። እትዬ ዘኑ በዚያው ቀን ከጎጃም ገብተው ሻንጣቸውን እንደያዙ በቀጥታ መጡ። መዘምራኑ መድረኩ ላይ በሦስት ረድፍ ቆሙ፣ የመድረክ መብራቱ በራ።

ሃያ አራት ሰው ቀኝ እጁ ጥቁር፣ ግራ እጁ ነጣ ያለ። ከዚያ ወንድም ዳዊት እንደ ልማዱ ለመጀመር እጁን ሲያነሳ እነሱም አብረው እጃቸውን አነሱ፣ ያኔ ባሰ። አንዷ ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አፏን ያዘች።

ወንድም ዳዊት ወርዶ አንዱን እጅጌ ከሌላው ጋር አስተያየ። «አወቅኩት» አለ። «ነጋዴው ነው። ሁለት ጣቃ ቀላቅሎ ሸጦልናል። ሌባ!»

እትዬ ዘኑ ሻንጣቸውን አስቀምጠው እማዬ ጋ ሄዱ። የግራ እጅጌዋን በእጃቸው ጀርባ አንዴ ወደ ታች ዳበሱት፣ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ምንም አላሉም።

ዝም ብል ያልፍ ነበር። ነጋዴው እዚያ የለም፣ ማንም አይጠይቀኝም፣ እትዬ ዘኑ ደንበኛቸውን አያጡም፣ እማዬም አታፍርም። ይሄ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን አፌ ተከፍቶ ነበር።

«ነጋዴው አይደለም። እኔ ነኝ። እጅጌውን ገልብጬ ነው የቆረጥኩት። እትዬ አልነበሩም፣ አትንኪው ብለውኝ ነበር፣ ነካሁት።»

«እሁድ እኮ ነው!» አለ ወንድም ዳዊት። «ከነገ ወዲያ እሁድ ነው፣ ብሩክታዊት! ምን ልንለብስ ነው?»

«የድሮውን እንልበስ» አለ አንዱ ከኋላ።

«የድሮው ለግማሾቻችን አይደርስም።»

እማዬ ልብሱን በጥንቃቄ አወለቀችና እንደ ሕፃን ልብስ አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ።

እትዬ ዘኑ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ስንት ሴት ናችሁ?»

«አሥራ ሦስት።»

«ወንድ?»

«አሥራ አንድ።»

ቆጠሩ። ፊታቸው ላይ ለቅሶውም ድካሙም ነበር፣ ግን ዓይናቸው ሥራ ጀምሮ ነበር። እጅጌው ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ግራው ቀኝ ላይ ይገባል። ሁሉም ይፈታ። ደህናው እጅጌ በሙሉ ለሴቶች ይሁን፣ ነጣ ያለው በሙሉ ለወንዶች። ያኔ የወንዶቹ ልብስ ጥቁር ሆኖ ሁለቱም እጅጌው ነጣ ያለ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ለሴቶች የሚጎድሉት ሁለት እጅጌዎች ብቻ ናቸው፤ እኔ ካተረፍኩት ጨርቅ ይወጣሉ። ጉድ ነው፣ ያተረፍኩት ጨርቅ ለዚያ ጠቀመ።

«ነገ ጠዋት ምላጭ ያለው ሰው ይምጣ» አሉ። «እኔና ከድር ብቻችንን አንደርስም።»

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ከፈትን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥራ አምስት ሰው ያቺ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቋል። ሁሉም ሊረዳ ነው የመጣው፣ ሁሉም ግን አንዱ የሌላውን ይረግጣል። አንዱ እጅጌውን በጥርሱ ሊፈታ ይታገላል፣ አንዷ ደህናውን ከነጣው ጋር ትከምራለች። እትዬ ዘኑ ጠረጴዛው ጋ መድረስ አቅቷቸው ቆመዋል። እኔ ደግሞ ግርግር ሲያይ ደሙ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ ወንበር ላይ ወጣሁ።

«ቁሙ! ማንም ምንም አይንካ! አንቺ፣ ሥራሽ ምንድነው?»

«እኔ? ነርስ ነኝ።»

«የቁስል ስፌት ታወጫለሽ?»

«በየቀኑ።»

«ምላጩን ያዢ። አንቺ ነሽ የምትፈቺው፣ ሁለት ሰው ምረጪና አሳዪያቸው። አንተስ?»

«ሒሳብ አስተምራለሁ።»

«ሳሙናውን ውሰድ። እያንዳንዱ ልብስና እጅጌ ላይ ቁጥር ጻፍ፣ የተሳሳተ እንዳይገናኝ። አንተ ወንድሜ፣ ለምን ትዞራለህ?»

«ሹፌር ነኝ እኔ፣ መቀመጥ አልችልም።»

«ጥሩ፣ አትቀመጥ። ክር እያለቀ ነው፣ ይሄን ቀለም ቁራጭ ይዘህ ሂድ፣ ልክ ይሄንን፣ ሌላ እንዳታመጣ።»

«ሽሮ ነው የምሸጠው እኔ» አለች አንዷ ሳልጠይቃት፣ ሳቅ ሳቅ እያላት። «እዚህ ምን ልሠራ ነው?»

«ስትመዝኚ እጅሽ ያውቃል አይደል? ደህናውንና የነጣውን ለዪ። በዓይንሽ አይደለም፣ በእጅሽ ጀርባ ዳብሺው። የሚሻክርሽን ወዲህ።»

ከአርባ ስምንቱ እጅጌ አንድ እንኳ አልሳተችም። የቀረውን አልዘረዝረውም፣ ግን ቤቱ ጸጥ አለ። የሚሰማው የከድር መኪና ብቻ ነበር። እማዬ እየተኮሰች ነበር፤ ሳልፋት ጎኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝና «ወንበር ላይ ቆመሽ አባትሽን መሰልሽ» አለች። ከአርብ ጀምሮ ያናገረችኝ መጀመሪያ ያኔ ነው። አባቴ የጭነት ተቆጣጣሪ ነበር።

ሁለቱን አዲስ እጅጌዎች እትዬ ዘኑ ራሳቸው ቆረጡ። መቀሱን ለኔ አልሰጡኝም። ጠረጴዛውን አንዴ ዞሩት፣ ዳበሱት፣ ቆረጡ። በዚያ ቀን እያንዳንዷን እርምጃ አየኋት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። እሁድ መዘምራኑ ቆሙ፣ ሴቶቹ ሙሉ ወይን ጠጅ፣ ወንዶቹ እጅጌያቸው ብቻ ነጣ ያለ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ እናት «ዲዛይኑ ሲያምር!» አሉ። ወንድም ዳዊት ግን ከኮንፍራንሱ በኋላ ለሌላ ልብስ አልተመለሰም፣ አልፈርድበትም። እትዬ ዘኑ በኔ ምክንያት አንድ ትልቅ ደንበኛ አጥተዋል። ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ምስጋናዬ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ገባሁ። ቁርስ እየበሉ ነበር፣ አስቀመጡኝ።

«አርብ ዕለት ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ተናደው ነዋ።»

«ነጋዴው ላይ ልጥለው እያሰብኩ ነበር። እውነቴን ነው። የሠላሳ ዓመት ስም በአንድ እጅጌ ሊጠፋ ነው ብዬ። አንቺ ቀደምሽኝ።» ዳቦውን ቆረሱ። «ቀደምሽኝና ከኃጢአት አወጣሽኝ።»

ሻይ ቀድተው አቀበሉኝ።

«አሁን ስሚኝ፣ አትቆጪ። አንቺ ቆራጭ አትሆኚም።»

ተቆጣሁ እንጂ። «አባረሩኝ ማለት ነው? አንድ ጊዜ ስለተሳሳትኩ? ሌላው ሰው አይሳሳትም? ሁለት ዓመት ተማርኩ እኮ፣ እትዬ!»

«እጅሽ ከዓይንሽ ይቀድማል። ይሄ ደግሞ በትምህርት አይድንም፤ እኔ ብዙ አስተምሬያለሁ፣ አውቀዋለሁ። ግን ቅዳሜ እዚህ ወንበር ላይ የቆመችው ልጅ ምን እንደሆነች አየሁ። እኔ ለሠላሳ ዓመት ሰው ሥራው ምን እንደሆነ የምጠይቀው ልብሱን ለመቁረጥ ነው። አንቺ የጠየቅሽው ግን ሰውየውን ቦታው ልታደርሺው ነው። የኔ ጥያቄ ካንቺ ዘንድ ሌላ ሥራ ሆኗል።»

ከዚያ ነገሩኝ። አንድ ደንበኛቸው፣ ነፋስ ስልክ ወረዳ ላይ ሥራ ፈላጊዎች የሚመዘገቡበት ክፍል የሚሠራ፣ አዲስ ተመራቂ እየፈለጉ ነው ብሎ ነበር። እሳቸው ጎጃም ከመሄዳቸው በፊት ሰምተውት ነው፣ ልጅቷ ትሄድብኝ ይሆናል ብለው ስለፈሩ ሳይነግሩኝ ቆይተዋል። ይሄንንም ሳይደብቁ ነገሩኝ።

«ሂጂ፣ ተወዳደሪ» አሉ። «እዚህ ካስቀመጥኩሽ የምጎዳው እኔ አይደለሁም፣ አንቺ ነሽ። ኧረ እኔም፣ ከፋይም ጭምር።»

ስቀን አለቀስን። ወይም አልቅሰን ሳቅን፣ ቅደም ተከተሉን አላስታውስም። ፈተናውን ተፈተንኩ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፣ አለፍኩ።

እትዬ ዘኑን በአደባባይ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ። ያስተማሩኝን ሙያ ስላልቻልኩት፣ እንደማልችለው ስለነገሩኝ፣ እንደማልችለው ሲነግሩኝም የምችለውን አብረው ስላሳዩኝ። ከሳቸው በፊት የነበሩት አሠሪዎቼም «ግን እዚህ አይደለም» ብለውኛል። «ታዲያ የት?» የሚለውን የመለሱልኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

አዲሱን ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። የምዘግብበት ቅጽ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ ከተሞላ በኋላ «ዝንባሌ» የሚል አንድ መስመር አለ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ መጥታ እዚያ መስመር ላይ «የተገኘውን» ብላ ጻፈች።

«የተገኘውን የሚባል ሥራ የለም» አልኳት። «ፈልጌው ነበር እኔ፣ አላገኘሁትም።»

ሳቀች። «ምንም አልችልም እኮ፣ እህቴ። ውጤት አልመጣልኝም።»

«ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ምንም።»

«ምንም አይባልም። ከእንቅልፍሽ ስትነሺ ጀምሪልኝ።»

እያፈረች ጀመረች። ውኃ ልትቀዳ ወረደች፣ ኮንዶሚኒየሙ ውኃ የለውም፣ ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ይጮሃል፣ እሷ ወደ ውኃ መሳቢያው ሄደች።

«ለምን ሄድሽ?»

«ድምፁ ልክ አልነበረማ። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ እያፏጨ ነበር። ነግሬያቸው ነበር፣ አልሰሙኝም። ጥገና የመጣው ሰውዬ ሦስት ቦታ ፈቶ አጣው። የሚያፏጨው እዚህ ጋ ነው አልኩት፣ ከፈተው፣ እዚያ ጋ ነበር።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። የአጎቴ ወፍጮ ቤት ነው ያደግኩት፣ ድንጋዩ ሊበላሽ ሲል እኔ ነበርኩ ቀድሜ የምነግራቸው። ሁሉም ሰው የሚሰማ ይመስለኝ ነበር።»

«እኔ አልሰማም» አልኳት። «ብዙ ሰው አይሰማም።»

«የተገኘውን» የሚለውን ራሷ ሰረዘችው። ከዚያ ስለ ወፍጮው፣ ስለ ቀበቶው፣ አጎቷ አንዴ ሊያታልሏት ሞክረው እንዴት እንደያዘቻቸው አወራችኝ፣ እኔም ጠየቅኩ፣ ጻፍኩ፣ ማሽን ጥገና የሚያሠለጥን ቦታ አብረን ፈለግን። በሩ ላይ አንድ ሰውዬ በጥፍሩ መስታወቱን ሲያንኳኳ ነው የነቃሁት።

«እህት፣ ሰርግ ነው እንዴ የምታወሩት? ወረፋው አስፋልት ደረሰ!»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አርባ አምስት ደቂቃ አልፏል። ልጅቷ ደንግጣ ልትነሳ ስትል እጇን ይዤ አስቀመጥኳት፣ ወደ በሩ ዞርኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን «ትንሽ ታገሱ» አልኩ።